ቅቤውን ያመሰገነች ገዢ

በአዳማ ገበያ ሁለት ሰዎች ዋጋ ሲነጋገሩ ሦስተኛ ሰው አይገባም። ገዢው እጁን ከዕቃው ላይ እስኪያነሳ ድረስ፣ ቢያሰኘው እስከ ቀትር ይከራከር፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ "እኔ ልጨምር" አይልም። ይህን ደንብ ያፈረሰ ሰው ባለጌ ይባላል፤ በሚቀጥለው ገበያም ሻጩ ሁሉ ጀርባውን ይሰጠዋል።

ጨውና ቅመም የምትሸጠው ሸዋወርቅ ይህን ደንብ ከማንም አብልጣ ትወደው ነበር። ልጇን የምታገኘው በእሱ ነበርና።

ልጇ አረጋሽ ከአዋሽ ማዶ፣ ከመልካሳ መሻገሪያ ወዲያ፣ መርዳሳ ለሚባል ከብት አርቢ ተድራለች። በየገበያው ቀን ከባሏ ዘመድ ሴቶች ጋር ቅቤ ይዛ ትመጣለች። ሴቶቹ ክፉዎች አልነበሩም። ነገር ግን ያገባች ልጅ ከእናቷ ጎን ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ ካዩ "ቤታችንን እያማች ነው" ማለታቸው አይቀርም። ቅቤዋን በጨው ልትለውጥ ስትከራከር ካዩ ግን ምን ይላሉ? ስለዚህ እናትና ልጅ ይከራከራሉ።

"ይሄ ውሃ ነው እንጂ ቅቤ ነው እንዴ?" ትላለች ሸዋወርቅ ጮክ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከስተሻል። ምን ሆነሽ ነው?"

"ውሃ ከሆነ ተዪው! ገዢ አላጣም!" ትላለች አረጋሽ ገበያው እስኪሰማ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ምንም አልሆንኩም እማዬ፤ ላሟ ወልዳ እንቅልፍ አጥቼ ነው። ጉልበትሽን ተሻለሽ?"

"ግማሽ አሞሌ!"

"አይቀመስም!"

አንዲት የቅቤ ቅል እንዲህ ወዲያና ወዲህ ስትገፋ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ሴቶቹ ከሩቅ እያዩ "ይቺ ልጅ ለቤቷ ተቆርቋሪ ናት፣ ለእናቷ እንኳ አትለቅም" ብለው ያመሰግኗታል። የሚስማሙበት ዋጋ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሁለቱም ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ያውቁታል። ሲስማሙ ግን ሁለቱም ይከፋቸዋል።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። አዋሽ ሞልቶ በወንጂ በኩል ሜዳውን ሸፈነው፤ ከማዶ የሚመጣ ገበያተኛ ጨርሶ ቀረ። አረጋሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው ሰኔ መግቢያ ላይ ነበር። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ማድያት ለብሷል፤ ቅሏን ስታስቀምጥ ወገቧን ያዝ አድርጋ ነው። ያን ቀን ሰማዩ ስለጠቆረ ሴቶቹ ቸኮሉ፤ ዋጋውንም በችኮላ ጨረሱት። ሸዋወርቅን ክረምቱን ሙሉ ያንገበገባት ይህ ነው። ቅቤው ቀልጧል፣ ቅሉ ተሰንጥቋል፣ ምኑንም ምኑን ብላ ትንሽ ብታቆያት ምን ነበረበት?

ዝናብ በመጣ ቁጥር ወንዙ ልጇን ሲወስዳት ይታያታል። ዝናብ ባባራ ጊዜ ደግሞ ምጥ ይታያታል፤ አዋላጅ የሌለበት ሌሊት፣ የጠፋ እሳት፣ የማይወጣ እንግዴ ልጅ። ባቡር ሲያፏጭ ደንግጣ ትነሳለች፤ መርዶ ነጋሪ በባቡር የሚመጣ ይመስል።

"አንቺ ሴትዮ" ትላታለች ከጎኗ ወተትና አይብ የምትሸጠው ደራርቱ፣ "ሰው ሳይሞት ይህን ያህል አልቅሰሽ፣ የሞተ ቀን እንባ ከማን ልትበደሪ ነው?"

"አፍሽን በቁራጭ ጨው ልድፈነው?"

"በሙሉ አሞሌ ከሆነ ድፈኚው። ለአንድ ወር ወጤን አጣፍጥበታለሁ።"

መስቀል አልፎ በመጣው የመጀመሪያ ገበያ፣ ውሃው መልካሳ ላይ ለወንድ ደረት ያህል እንደወረደ፣ ወንዶችም የበቅሎ ጭራ ይዘው መሻገር እንደጀመሩ ተሰማ። ሸዋወርቅ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ በማለዳ መደቧ ላይ ተሰየመች። ሴት ገና እንደማትሻገር ታውቃለች። ቢሆንም ዓይኗ ከመልካሳ በኩል ከሚመጣው መንገድ ላይ አልተነቀለም።

ረፋዱ ላይ መርዳሳ መጣ። ብቻውን ነው። በቅሎውን እየሳበ፣ እስከ ብብቱ ድረስ ጭቃ ደርቆበት፣ ገበያውን አቋርጦ ሄደ።

ሸዋወርቅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ፊቷን አዞረች። በእነመርዳሳ አገር አማች ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፤ ስሟን አይጠራም፤ ቃልም አይለዋወጣትም። ከጥላቻ አይደለም፤ እንዲያውም የሚያከብራት ሰው አብዝቶ ይሸሻታል። እሷም ካልተጠራች ልጇ ቤት ደጃፍ አትደርስም። ይህን ያፈረሰች እናት ራሷ ብቻ አይደለም የምትዋረደው። "እናትሽ እኮ" እየተባለ ዕድሜ ልኳን የሚነገርባት ልጅቱ ናት። ስለዚህ ሸዋወርቅ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ሥር ብቻ ታየው ጀመር።

ወደ አብዱናሲር የጨርቅ ሱቅ ገባ። ሱቁ ከቅመም ተራው ፊት ለፊት ነው፤ ሁሉም ነገር ይታያል። መርዳሳ በጣቱ ነጩን አቡጀዴ አመለከተ። አብዱናሲር ዋጋውን ነገረው። መርዳሳ ከመቀነቱ ጠገራ ብር ፈትቶ ሰጠ፤ ጨርቁን አጥፎ ከብብቱ ሥር አደረገ፤ ወጣ።

አልተከራከረም።

ጨርቁን ገልብጦ አላየውም፣ ወደ ብርሃን አላወጣውም፣ "ቀንስ" አላለም፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደ ተቆጣ ሰው ዞር አላለም። በአዳማ ገበያ ሰው ለመርፌ ይከራከራል፤ ለአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ይከራከራል። የማይከራከርበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለመግነዝ የሚገዛ ሰው የተባለውን ይከፍላል፤ ነጋዴውም ትርፍ አይዝበትም። ከሙት ጋር ዋጋ አይነጋገሩም።

የሸዋወርቅ እጅ የበርበሬውን ስፍር ለቀቀው። በርበሬው ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ።

"ምን ሆንሽ?" አለች ደራርቱ።

"አልተከራከረም።"

"ማን?"

ሸዋወርቅ በአገጯ አመለከተቻት። ደራርቱ በቅሎውን አየች፣ የታጠፈውን ነጭ ጨርቅ አየች፤ አንዲትም ቀልድ አልወጣትም። ከምንም ነገር በላይ ሸዋወርቅን ያስፈራት ይህ ዝምታ ነበር።

አብዱናሲር የሸዋወርቅን ሁኔታ ከሱቁ ሆኖ ሲያይ ክንዱን እያሻሸ ተሻግሮ መጣ። የአማችነት ዝምድናቸውን ያውቃል፤ ገበያው ሁሉ ያውቃል።

"እመት ሸዋወርቅ፣ እኔ አልጠየቅኩትም። እንዲህ ያለውን ማን ይጠይቃል? የገዛሁበትን ዋጋ ነው የነገርኩት፤ አላህ ያውቃል።"

"የሕፃን ነው?" አለች ሸዋወርቅ፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር።

አብዱናሲር ጫማውን አየ። "የትልቅ ሰው ነው የለካሁለት" አለ።

ሸዋወርቅ አላለቀሰችም። ክረምቱን ሙሉ ያለቀሰችው ሴት አሁን ዓይኗ ደረቀ። ሰኔ መግቢያ ላይ ልጇ ቅሉን አንስታ ስትሰጣት ጣቶቿ የእናቷን ጣቶች እንደነኩ ትዝ አላት፤ እሷ ግን ያኔ ሰማዩን ነበር የምታየው። ተነስታ ልትሮጥ፣ የመርዳሳን ጋቢ አንቃ "የት አደረግካት?" ልትለው ፈለገች። ግማሽ ተነስታም ነበር፤ ደራርቱ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

"ቁጭ በይ። ወደዚህ እየመጣ ነው።"

በእርግጥም በቅሎውን ከግራሩ አስሮ፣ የቅቤ ቅል ይዞ ወደ ቅመም ተራው መጣ። ከደራርቱ ፊት ቆመ፤ ጎኑን ለሸዋወርቅ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ወደ ባቡር ጣቢያው አድርጎ።

"አካም ጅርቱ?" አለ። ደራርቱም ሰላምታውን መለሰች። ከብቱ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ አንድ በአንድ ተጠየቀ፤ ሁሉም ደህና ነው። ሸዋወርቅ ከዚህ ምንም አላተረፈችም። ቤቱ ውስጥ ሬሳ የተኛበትም ሰው መንገድ ላይ ሲጠየቅ ደህና ነው ማለቱ አይቀርም።

"ቅቤ አለኝ። በቅመም እለውጣለሁ" አለ መርዳሳ በኦሮምኛ።

ሸዋወርቅ ኦሮምኛ ከደራርቱ እኩል ታውቃለች። ቢሆንም ቃሉ በሌላ ሰው አፍ ማለፍ ነበረበት።

"ቅቤ በቅመም ይላል ሰውየው" አለች ደራርቱ።

ሸዋወርቅ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ስለ ልጇ መጠየቅ አትችልም፤ ስለ ቅቤው ግን ማንም ገዢ ይጠይቃል። "ማን እንደናጠው ጠይቂልኝ" አለች።

"ማን ናጠው?"

"ቤት ነው የተናጠው።"

"ቤት አይንጥም በዪው። የማን እጅ ነው?"

መርዳሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "የእህቴ" አለ።

"ገዢዋ የለመደችው እጅ ሌላ ነበር" አለች ደራርቱ፣ ሸዋወርቅ ምንም ሳትል ከራሷ አንስታ። "ያ እጅ የት ሄደ?"

"ያ እጅ አሁን አይንጥም" አለ መርዳሳ፤ ፊቱንም ጨርሶ ወደ በቅሎው አዞረ።

ሸዋወርቅ ስፍሩን አነሳች። ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር፤ እጇ ብቻ ለዓመታት የለመደውን ይሠራል። የለቅሶ ቤት ብዙ ወጥ ይሠራል፤ በርበሬ ያልቅበታል። በርበሬውን ሞልታ ወደ ደራርቱ ዘረጋች። "ይህን ስጪው። ጨውም ጨምሪለት።"

"በርበሬ አልፈልግም" አለ መርዳሳ።

"ታዲያ ምን ፈለገ?"

መርዳሳ እግሩን ቀየረ። በሌላ ጊዜ ከብት ነጋዴዎችን በክርክር የሚያስለቅሰው ሰው አሁን እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፋ። "ተልባ አላት?"

"ተልባ?" አለች ደራርቱ።

"ተልባ። ጥቁር አዝሙድም። አብሽም ካለ።"

ሸዋወርቅ የዘረጋችውን በርበሬ ወደ መደቧ መለሰች።

"ለምንድን ነው ተልባው?" አለች ደራርቱ፤ ዓይኗ ቀስ በቀስ ተከፈተ። "ለወጥ?"

"ለመጠጥ።"

"ትኩስ ተደርጎ፣ ቅቤ ጣል ተደርጎበት የሚጠጣው?"

"እሱን" አለ መርዳሳ፤ ለሰው ሳይሆን ለበቅሎው በሚመስል ድምፅ።

አጥሚት! አጥሚት የሚጠጣ አራስ ነው። ወንድ ልጅ ለአማቱ "ልጅሽ ወለደች" ከሚል ምላሱን ቢቆርጥ ይመርጣል። ተልባ መግዛት ግን ማን ይከለክለዋል? ለሙት ደግሞ ተልባ የሚገዛ የለም።

ደራርቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሸዋወርቅ ጭኗን ቆነጠጠቻት። "ጠይቂው፤ የሚጠጣው ሰው ይበላል?"

"ያ የሚጠጣው ሰው ምግብ ይበላል ወይ ትላለች ገዢዋ። መቼም የተልባ ገዢና ሻጭ ሁሉንም ማወቅ አለባቸው!"

"ይበላል። ይቆጣልም" አለ መርዳሳ። "የማዶው ተልባ አሸዋ አለው፣ የአዳማ ካልሆነ አልጠጣም ብሎ ፊቱን ያዞራል።"

በነጠላው ሥር ሸዋወርቅ ሳቅዋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። አረጋሽ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥርሷ ሥር አሸዋ የተሰማት ቀን ቤት ይናወጣል።

ደራርቱ ግን አቡጀዴውን አልረሳችም። "ብብትህ ሥር ያለውስ፣ መርዳሳ?" አለች፣ የቀልድ ድምፅዋን ትታ።

"የእናቴ ነው" አለ። "አልሞተችም፤ ግን አትነሳም። ልብሴን በዓይኔ አይቼ ልሂድ አለች።"

ሸዋወርቅ "ተመስገን" ልትል ነበር። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነው የነቃችው። የሌላ ሰው እናት ልትሞት በመሆኑ ነው የምታመሰግነው? ያውም ያቺ አሮጊት! አረጋሽ ገበያ እንድትመጣ ጥጆቹን ራሷ ታግድ የነበረች፣ "ሂጂ፣ እናትሽ ዓይኗ መንገድ ላይ ነው" እያለች የምትልካት እሷ ነበረች። አሁን እሷ ስትሄድ ቤቱን ማን ይይዛል? ሕፃኑን ማን ይይዛል? አረጋሽ የቤቱ ትልቅ ሴት ልትሆን ነው፤ ቤት ጥላ ቅቤ ይዛ አዋሽን የምትሻገርበት ዘመን አብሮ ሊቀበር ነው። ልጇን ባገኘች በዚያው ቅጽበት ሌላ መንገድ ሲዘጋባት ታያት።

"ልስፈር?" አለች ደራርቱ። "ወይስ ማልቀስ ነው?"

ሸዋወርቅ የተልባውን ከረጢት እንዳለ ወደ ፊት ገፋችው። ጥቁር አዝሙዱን፣ አብሹን፣ ኮረሪማውን ጨመረች። መርዳሳ ክምሩን በጎን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ይህ በቅቤዬ ልክ አይደለም። መልሽላት።"

ልክ ነው፤ እንደዚያ ሊወስድ አይችልም። በገበያ መካከል ከአማቱ ምጽዋት የተቀበለ ሰው ምን ይባላል? ሸዋወርቅ ግን ዕድሜዋን በክርክር ያሳለፈች ሴት ናት። ቅሉን ከፍታ ቅቤውን በጥፍሯ ቀመሰች።

"በዪው፣ እንዲህ ያለ ቅቤ ዘንድሮ አዳማ አልገባም። ወርቅ ነው።"

"ወርቅ አይደለም" አለ መርዳሳ ደንግጦ። "የሰነበተ ነው።"

"የሰነበተ ቅቤ ነው እኔ የምፈልገው! ለራስ ምታት ይሆናል።"

"ውሃም አለበት። እህቴ አልጨመቀችውም።"

"ውሃውን እወደዋለሁ በዪው!"

ጎረቤት ሻጮች ሥራቸውን ትተው ይስቁ ጀመር። ገዢ ሲያሞግስ ሻጭ ሲያጣጥል በዚያ ገበያ ታይቶ አያውቅም። "ሁለታችሁም አብዳችኋል!" አለች ደራርቱ፤ "ቅቤው አፍ ቢኖረው አፍሮ ይቀልጥ ነበር!" አንድ ዕቃ ያንጠለጠለ ሰው ቅሉን ሊያይ ጎንበስ ሲል "ዋጋ ላይ ነን!" ብላ አባረረችው።

መርዳሳ በመጨረሻ ሳቀ። ጎኑን እንደሰጠ፣ ለደራርቱ እንዲህ አለ፦ "እሺ፣ ተለውጧል በያት። ግን በቅሎዬ ደክማለች፣ ወንዙም ጎታች ነው። ጥቁር አዝሙዱንና አብሹን፣ ከተልባውም ለጊዜው የሚበቃውን እወስዳለሁ። ከረጢቱ ይቅር። የተሸጠ ዕቃ ነው፤ ሻጩ ያደርሰዋል።"

ይህን ብሎ ቅሉን ገለበጠ፣ ድርሻውን ቋጠረ፣ ሄደ። እናቱ ትጠብቃለች፤ ወንዙም ሳይመሽ መሻገር አለበት።

"ጠራሽ!" አለች ደራርቱ የሸዋወርቅን ትከሻ እየደበደበች። "ሰማሽው? የተሸጠ ዕቃ ሻጩ እደጃፍ ያደርሳል። እንደ አማት ሳይሆን እንደ ነጋዴ ትገቢያለሽ!"

"በቅሎዋ ደክማ ቢሆንስ?"

"አይ አንቺ! በቅሎዋ እንደ ከበሮ የወፈረች ናት!"

"እውነት ደክማ ቢሆንስ? ሌላ ሰው ያደርሰዋል ብሎ ቢሆንስ? እኔ ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ እሱ ያላሰበውን…"

ደራርቱ መልስ ልትሰጥ ጀምራ ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። "ሸዋ፣" አለች፣ "ምን ወለደች?"

ተያዩ። ስለ ሁሉም ነገር ጠይቀዋል፤ ስለ አሸዋው እንኳ። ደራርቱ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች፤ እስከ ገበያው ዳር ደርሳ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። በቅሎዋ አቧራ ብቻ ትታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሸዋወርቅ የውሃውን ከፍታ የማትጠይቀው መንገደኛ አልነበረም። ለወንድ ደረት፣ ለወንድ ወገብ ይሏታል፤ ለሴት ግን ገና ነው። ተልባውን ነቀዝ እንዳይገባው በየጊዜው ታበጥረዋለች፤ አሸዋ ካለ ብላ በጣቷ ትለቅመዋለች። ሕፃኑን በልቧ አንድ ቀን በወንድ ስም፣ አንድ ቀን በሴት ስም ትጠራዋለች። የአሮጊቷ መርዶ እስካሁን አልተሰማም። ሊሰማም ላይሰማም ይችላል፤ ውሃው ዜናም አያሻግርም።

ገበያ ባልነበረ አንድ ቀን ከረጢቱን በጀርባዋ አዝላ እስከ መልካሳ ወረደች። ልሻገር ብላ ሳይሆን ላየው ብላ ነው። ውሃው ጭቃ መስሎ፣ የተገነደሰ ግራር እየጎተተ ያልፋል። ከማዶ አንዲት ሴት ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ ብላለች።

"የመርዳሳ ሚስት!" ብላ ጮኸች ሸዋወርቅ በኦሮምኛ። "የመርዳሳ ሚስት ምን ወለደች?"

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየች። አንድ ነገር መለሰች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል። የወንዙ ድምፅ ግን ሁሉን ዋጠው። ሸዋወርቅ ደግማ ጮኸች። ሴትዮዋ እጇን አነሳች፣ ሳቀች መሰለ፣ ገንቦዋን አዘለችና ዳገቱን ወጣች።

ሸዋወርቅም እጇን አነሳችላት፤ ሴትዮዋ ከቁጥቋጦው ጀርባ እስክትሰወር ድረስ አላወረደችውም።